በእሑድ ማታ ስለሚመጣ ጭንቀት

አንባቢ ሆይ፤ የእሑድ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ልብህ ስለ ምን እንደሚከብድ ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህን? ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰህ፥ ከቤተ ሰብህ ጋራ ምሳ በልተህ፥ ዘመድም ጠይቀህ ሳለ፥ ወደ 11 ሰዓት ገደማ የሰኞ ነገር ይመጣብሃል። የአለቃህ ፊት፥ ያልተጻፈው ደብዳቤ፥ ተማሪም እንደ ሆንህ ያልተጠናው ትምህርት ይታይሃል። ቡና ቢቀርብልህ ጣዕሙ አይታወቅህም፤ ልጅህ ቢያጫውትህ አትሰማውም።

ብዙ ሰዎች ለዚህ «አታስብ፤ እመን» ብለው ብቻ ይመክራሉ። ምክሩ ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሰሚው ግን በጭንቀቱ ላይ «እምነት የለኝም» የሚል ሁለተኛ ጭንቀት ይጨምርበታል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞትን በለመነ ጊዜ አስቀድሞ የተሰጠው እንቅልፍ፥ እንጎቻና ውሃ ነበረ፤ ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ321 ዓ.ም. ዳኞችና የከተማ ሰዎች በእሑድ እንዲያርፉ አዘዘ፤ ገበሬውን ግን የዘር ጊዜ እንዳያልፍበት ተወው። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ አዋጅ እጅን ከሥራ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ልብን ማስቀመጥ አይቻለውም።

እንግዲህ ጭንቀትህን መርምር፤ ምንጩ አንድ ብቻ አይደለምና። አንዱ ከሥራ ብዛት የሚመጣው ነው፤ ይህም በመሰናዳት ይቀላል። የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ፥ በሌላው ቀን ለነገ ያስተረፉት ይተላ ነበር፤ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ለቅመው ያሳደሩት ግን በሰንበት አልተበላሸም። ስለዚህ ለነገ ማሰናዳት ሁሉ የተከለከለ አይመስለኝም፤ ጊዜውን ማወቅ ይገባል። በሳምንቱ የመጨረሻ የሥራ ቀን ከወንበርህ ሳትነሣ፥ ሰኞ አስቀድመህ የምትሠራውን በወረቀት ጻፍ። በአሜሪካ አገር የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ምርመራ፥ 57 ወጣቶች ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ወደ ፊት የሚሠሩትን የጻፉት፥ ሠርተው የጨረሱትን ከጻፉት ይልቅ ፈጥነው አንቀላፉ፤ ከእነርሱም ነገሩን አንድ በአንድ እየለዩ የጻፉት ይበልጥ ፈጠኑ።

ሁለተኛው ጭንቀት ግን በወረቀት አይድንም፤ ይኸውም የኅሊና ጭንቀት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ጥቂት አንሥተህ ሳትመልስ ቀርተህ እንደ ሆነ፥ ያልተፈጸመውን ሥራ «ተፈጽሟል» ብለህ ፈርመህ እንደ ሆነ፥ በአንተ ጥፋት ባልንጀራህ ሲከሰስ ዝም ብለህ እንደ ሆነ፥ የእሑድ ማታ ፍርሃትህ እውነተኛ ምስክር ነው። ይህን ምስክር በጸሎትም ቢሆን ዝም ለማሰኘት አትሞክር፤ ይልቁንስ ለመናገር ድፍረት እንድታገኝ ጸልይ። ሰኞ ጠዋት ገብተህም ነገሩን ለሚመለከተው ሰው ግለጽ። ቅጣት ይመጣ ይሆናል፤ ሥራህንም ታጣ ይሆናል፤ ልጆች ላሉት ሰው ይህ ቀላል አይደለም፥ እኔም ቀላል ነው አልልህም። ነገር ግን በዓመት 52 እሑድ አለ፤ ነገሩን ደብቀህ በኖርህ መጠን በየእሑዱ ትከፍልበታለህ።

ጭንቀቱ ምክንያቱ የማይታወቅ፥ ምግብና እንቅልፍም የሚከለክል፥ ሳምንቱን ሁሉ የማይለቅህ ቢሆን ግን ወደ ሐኪም ሂድ። በእግር ሕመም ሐኪም ቤት መሄድ አያሳፍርህም፤ በዚህም አትፈር።

በሰዎች ላይ የተሾምህ እንደ ሆንህ ደግሞ፥ የሌላው ሰው እሑድ በእጅህ መሆኑን አስብ። ዓርብ ማታ በር ላይ ቆመህ «ሰኞ ጠዋት እፈልግሃለሁ» ትለዋለህ፤ ምክንያቱን ግን ሳትናገር ትሄዳለህ። ነገሩ የአንድ መዝገብ ቦታ ለመጠየቅ ብቻ ይሆናል፤ ያ ሰው ግን ሦስት ሌሊት የልጆቹን እንጀራ እያሰበ ያድራል። ስትጠራው የምትጠራበትን ነገር አብረህ ንገረው፤ ያን ቀን ልትነግረው የማይቻልህ እንደ ሆነም ዝም በል፥ ሰኞም በደረሰ ጊዜ ጥራው።