ሁለት ሙሉ ዙር

አንድ ተማሪ መካኒክ የሞተር ሳይክል ታይሚንግ ካቴና ቀየረ። በማግኔቱ ላይ ያለው የ«ቲ» ምልክት ከሞተሩ አካል ጭረት፣ የካምሻፍቱ ስፕሮኬት ምልክትም ከቴስታታው ጭረት ጋር ገጠሙ። ብሎኖቹን አጠበቀ፣ መወጠሪያውንም አስገባ። ባለንብረቱ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ጋሼ፣ ገጥሟል። ላስነሳው?»

«ካንዴላውን ፍታና በእጅህ አዙረው» አሉት አለቃው። «ቀስ ብለህ። የሚይዝህ ነገር ካለ ቁም እንጂ አትግፋ፤ ቫልቭ ከፒስተን ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል።»

ልጁ በመፍቻ አንድ ዙር አዞረ። «ቲ» ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የስፕሮኬቱ ምልክት ግን በተቃራኒው ጎን ተገኘ። ደንግጦ ሊፈታው እጁን ዘረጋ።

«ገና ነው» አሉት። «ክራንክሻፍት ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍት አንዴ ነው የሚዞረው። ሞተሩ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል፤ አራቱም ሳይሞሉ አትፍረድ።»

ሁለተኛውን ዙር ጨረሰ። «ቲ» በልኩ ቆመ፤ የስፕሮኬቱ ምልክት ግን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሲገጠም ካቴናው በሚስበው ወገን ላልቶ ነበር። ክራንክሻፍቱ ሲዞር መጀመሪያ ያንን ልል ሰበሰበ፣ ካምሻፍቱን የጎተተው ከዚያ በኋላ ነው። ስፕሮኬቱ ባለ 30 ጥርስ ከሆነ ያቺ አንድ ጥርስ በክራንክሻፍቱ ስትለካ 24 ዲግሪ ናት፤ ቫልቮቹ ያን ያህል ዘግይተው ይከፈታሉ፣ ዘግይተውም ይዘጋሉ።

ልጁ መወጠሪያውን አወጣ፣ የሚስበውን ወገን ወጥሮ ካቴናውን አንድ ጥርስ አሻገረ፣ እንደገናም ሁለት ዙር አዞረ። ሁለቱም ምልክቶች ገጠሙ። ያን ጊዜ ሞተሩን አስነሳ።

ሽርክና የሚገቡ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። በውሉ ቀን ሁሉም ቃል ይገጥማል፤ ገና ማንም ምንም አልሳበምና። «እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን» ተብሎ የታለፈው ጉዳይ ልሉ ነው፤ ሥራ ሲጀመር ቀድሞ የሚጎተተው እሱ ነው። መሀል ላይ ደግሞ አንዱ ብቻ ገንዘብ እያወጣ ሌላው ምንም ያላመጣ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ያ ግማሽ መንገድ እንጂ ክህደት አይደለም። ስለዚህ ቤታቸውን ለብድር ከማስያዛቸው በፊት በትንሽ ገንዘብ አንድ ጊዜ ሙሉውን ይሞክሩት፦ ይግዙ፣ ይሽጡ፣ ዱቤውን ይሰብስቡ፣ ትርፉን ይካፈሉ። ቃላቸው ከሒሳባቸው ጋር መግጠሙ የሚታወቀው በመካፈያው ቀን ነው። ካልገጠመም ቅያሜ አያስፈልግም፤ ያላለቀውን ጉዳይ ጨርሰው እንደገና ይዋዋሉ። ዕዳ ሳይገባበት ውል ማረም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።