ጀሪካኑ ከሞላ በኋላ የፈሰሰው የማን ነው?



ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህቺን ታውቋታላችሁ። ውሃ በፈረቃ ነው። ሌሊት ትመጣ ይሆናል ብለን ቧንቧውን ከፍተን፣ ጀሪካን ደቅነን እንተኛለን። ትመጣለች። ጀሪካኑ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ፈጅር አዛን ዝም ብላ ትፈሳለች። እኔ ግራውንድ ላይ ነኝ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ቤት ግን ግፊቱ ስለማይደርስ ጠብ አትልም። ሊፍት የለም፤ ጠዋት ጀሪካን ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ።

«ቆጣሪው የኔ፣ ሂሳቡን የምከፍለው እኔ» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን ሂሳብ መክፈል ኢስራፍን ሐላል ያደርጋል እንዴ? በብሩ የገዛሁት ውሃውን ነው፤ የጎረቤቴን ተራ አልገዛሁም። ሂሳብ በጋራ በሚከፈልበት ብሎክ ደግሞ ይብሳል፤ እኔ ያፈሰስኩትን እሳቸው ይከፍላሉ። ይሄ የሰው ሐቅ ነው።

አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሙድ ማለት ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው እፍኝ ነው፤ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። እኛስ? ቢስሚላህ ብለን ቧንቧውን እስከ ጥግ ከፍተን፣ እግራችን ጋ እስክንደርስ ስንት ሙድ ይሄዳል? ዛሬ ውዱእ ስታደርጉ ከሥር ባልዲ አስቀምጡና እዩት። እኔ አይቼ አፍሬያለሁ።

አሁን ቧንቧውን ዘግቼ፣ አላርም ሞልቼ ነው የምተኛው። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ነቃሁ፣ ቀዳሁ፣ ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ ባልዲ ውስጥ የሚወርድ ውሃ ድምፅ ሰማሁ።