ውዱእ ወይስ መጠጥ?



አንድ ወጣት ብቻውን በብስክሌት ከሚሌ በረሃ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ ደሴ እየወጣ ነው እንበል። መነሻው 500፣ መድረሻው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዙህር ገባ፤ የቀረው አንድ ኮዳ ውሃ ነው፤ መንደር ሩቅ ነው። ውዱእ ያድርግበት ወይስ ይጠጣው?

«ለአላህ ብዬ ልጠማ» ማለት የኢማን ጥንካሬ ይመስላል። ሸሪዓችን ግን ጥማት ካሰጋህ ውሃውን ለነፍስህ አስቀር፣ በንጹህ አፈር ተየሙም አድርገህ ስገድ ይላል። ነፍስህ አደራ ናት። ዳገቱን የመረጥከው አንተ ነህ፤ ማቅለያውን የሰጠህ ግን አላህ ነው።

ታሞ፣ ሐኪም እየከለከለው በረመዷን የሚጾምም ራሱን ይጠይቅ፦ የምታዘዘው ለአላህ ነው ወይስ ለጉልበቴ?

አላህ ማቅለያውን በምስጋና ከሚቀበሉት ያድርገን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ!