ዑዝር የሚያበቃው የት ላይ ነው?

በየመስጂዶቻችን ከሶፉ ዳርና ዳር የሚደረደሩትን ወንበሮች ያላስተዋለ ሰጋጅ አይኖርም። በወንበር የሚሰግድ ሰው ዑዝር አለው። ዑዝሩን ማንም ሊመረምረው አይገባም፤ በእርሱና በፈጣሪው መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ዑዝር መጀመሪያ እንዳለው ሁሉ ብዙ ጊዜ መጨረሻም አለው። መጀመሪያውን ሐኪም ይነግረናል፤ ሕመሙም ራሱ ይጮሃል። መጨረሻውንስ ማን ይነግረናል? ትናንት ያልቻልነውን ዛሬ መቻል አለመቻላችንን የሚፈርደው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኔ የወሬ ጥያቄ አይደለም። ዕድሜዬ 38 ነው። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ስንጫወት ቀኝ እግሬ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቴ ዞረና የጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አሁን 9ኛ ወሬን ይዣለሁ። ከእነዚህ ወራት አብዛኞቹን የሰገድኩት በወንበር ነው። አማርኛችን መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም በአንድ ቃል “ጉልበት” ብሎ መጥራቱ ምን ያህል እውነት እንደሆነ የገባኝም በዚሁ ጊዜ ነው።

በጉልበት ውስጥ የጭንን አጥንት ከቅልጥም ጋር የሚያያይዙ አራት ዋና ዋና ጅማቶች አሉ። ሁለቱ በግራና በቀኝ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ በመሃል ተጣልፈው ያልፋሉ። ከመሃለኞቹ የፊተኛው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ሲሆን፣ ኳስ ተጫዋቾችን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እርሱ ነው። ሲበጠስ እንደ ተሰበረ አጥንት በቀላሉ ራሱን አይጠግንም። ስለዚህ ሐኪሞች ከራሱ ከታማሚው አካል፣ ከጭን ጀርባ ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ጅማት ወስደው አጥንቱን በመብሳት በቦታው ያስገቡታል።

ትምህርቱ ያለው ከዚህ በኋላ ባለው ሂደት ላይ ነው። አዲሱ ጅማት ሲገባ ጠንካራ ነው። ነገር ግን የደም ሥር ወደ ውስጡ ገብቶ ሰውነት እንደገና እስኪሠራው ድረስ በመሃል ይደክማል። በጣም የሚደክመው በ2ኛውና በ3ኛው ወር አካባቢ ነው። ይህ ወቅት እብጠቱ የጎደለበት፣ ሕመሙ የቀለለበት፣ ታማሚውም “ድኛለሁ” የሚልበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። በሌላ በኩል የጭን ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይከሳል፤ ለመመለስ ግን ወራት ይፈጃል። የእኔን ጭን በሜትር የለካችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከግራው 3 ሴንቲ ሜትር አንሶ አገኘችው። ጅማቱ ጠንክሮም እንኳ እግሩ ስለከሳ ሰውየው “አልችልም” ማለቱን ይቀጥላል።

እንግዲህ ስሜታችን ሁለት ጊዜ ሐሰት ይመሰክራል ማለት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሳንችል “ትችላለህ” ይለናል፤ በኋላ ደግሞ ስንችል “አትችልም” ይለናል። በ3ኛው ወር ደረጃ ስወጣ ምንም አይሰማኝም ነበር። ያን ጊዜ በጉልበቴ ተንበርክኬ እንዳልሰግድ የከለከለኝ ሕመም ሳይሆን የባለሙያዋ ቃል ነው። በ7ኛው ወር ተለክቼ ጉልበቴ በበቂ ሁኔታ እንደሚታጠፍ ሲነገረኝ ደግሞ እግሬ ለሱጁድ መውረድን ፈራ። ሁለቱንም ጊዜ የስሜቴን ብቻ ብሰማ ኖሮ መጀመሪያ ጅማቱን፣ ቀጥሎም ሱጁዱን አጣ ነበር።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ችግር አልፈጠረብንም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከፈረስ ወድቀው ጎናቸው በተላጠ ጊዜ ሊጠይቋቸው የመጡትን ሶሓቦች ተቀምጠው ማሰገዳቸውን አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ዒምራን ኢብን ሑሰይንም (ረ.ዐ) ታመው ስለ ሶላት ሲጠይቁ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ይህንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተጋድመው እንዲሰግዱ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ ውርደት አይደለም። የሰው ዓይን ፈርቶ ያልዳነ ጉልበቱን መሬት ላይ የሚጥል ሰው ትጉህ ይመስል ይሆናል፤ እውነቱ ግን ከአላህ ስጦታ ይልቅ የሰውን ግምት ማስቀደሙ ነው። አካላችን አማና ነው፤ በአማና ላይ ጀብዱ አይሠራም።

ይሁን እንጂ የዚህ ሩኽሳ መሠረት “አለመቻል” መሆኑን መዘንጋት የለብንም። መቆም የሚችል ነገር ግን ሱጁድ ማድረግ የማይችል ሰው ምን ያድርግ? አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት በሚችለው ይቁም፣ በማይችለው ይቀመጥ ይላሉ፤ በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ሱጁድ ላቃተው ሰው መቆሙ ግዴታ አይሆንበትም። ዝርዝሩን ለሊቃውንቱ እንተወው። ደሩራ በመጠኑ ይለካል የሚለውን መርህ ግን ሁሉም ይጋሩታል። መጠኑን ለማወቅ ደግሞ መለካት፣ ለመለካትም መሞከር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ተቀምጦ ዳግም ያልሞከረ ሰው ዑዝሩ መቼ እንዳበቃ በምን ያውቃል?

እዚህ ላይ “ዕድሜ ነው” የሚል መልስ ይመጣል። ታምሜ ሳለሁ ሊጠይቁኝ ከመጡት መካከል “በዚህ ዕድሜ እንደ ድሮው አትሆንም፤ ተቀበለው” ያሉኝ ጥቂቶች አልነበሩም። በጎ አስበው ነው፤ በከፊልም እውነታቸውን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና እንድንፈልግ ሲያዙ፣ እርጅና ብቻ ሲቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ማስተማራቸውን ኡሳማ ኢብን ሸሪክ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ይህ ቃል ሁለት ነገር ያዘናል፤ የሚታከመውን እንድናክም፣ የማይታከመውን እንድንቀበል። ጎልማሳነት ደግሞ ሁለቱ የሚደባለቁበት ዘመን ነው። የ20 ዓመት ወጣት ሁሉንም በሽታ ነው ይላል፤ የ80 ዓመት አዛውንት ሁሉንም ዕድሜ ነው ይላሉ። የእኛ የመሃለኞቹ ሥራ መለየት ነው።

በዕድሜ ከምናመካኘው ብዙው በእርግጥ የመቀመጥ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት ክብደት በእግራቸው እንዲያነሱ ተደርጎ ነበር። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 9ኙ ጉልበትን የሚዘረጋው የጭናቸው ጡንቻ ኃይል በአማካይ በ174 ከመቶ ጨመረ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እርጅናንም አልፈወሰም። የ90 ዓመት ጡንቻ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ከሆነ ግን የ38 ዓመቱ ሳይጠየቅ “አልችልም” ሊል አይገባውም።

ሶብርንም ከዚሁ አንጻር ልንረዳው ይገባል። በብዙዎቻችን ዘንድ ሶብር ማለት እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ይመስላል። የጉልበት ታማሚ ሶብር ግን በቀን ሦስት ጊዜ ያንኑ እግር ማጠፍና መዘርጋት፣ ትናንት 90 ዲግሪ የነበረውን ዛሬ 92 ለማድረስ ላብ ማፍሰስ፣ በተከለከለው ቀን ደግሞ መታቀብ ነው። ታማሚና መንገደኛ ጤነኛና ነዋሪ ሳሉ ይሠሩት የነበረው በጎ ሥራ እንደሚጻፍላቸው በሐዲስ ተነግሮናል። ይህ ምንዳ የሚያጽናናን ለመመለስ እንድንበረታ ነው እንጂ እንድንለምደው አይመስለኝም።

ከጎኔ በወንበር የሚሰግዱ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ አባት አሉ። በየጁሙዓው መጀመሪያ ቆመው ይጀምራሉ፤ አንዳንዴ አንድ ረከዓ ይዘልቃሉ፣ አንዳንዴ ፋቲሓን እንኳ ሳይጨርሱ ይቀመጣሉ። “ሐጂ፣ ለምን ራስዎን ያደክማሉ?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ የዛሬው ዑዝሬ የዛሬ ነው፤ የባለፈውን ጁሙዓ ዑዝር ዛሬ ይዤ አልቀርብም” አሉኝ።

ለተነሳንበት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ዑዝር እንደ መታወቂያ ወረቀት አንድ ጊዜ ወጥቶ ለዓመታት የሚያገለግል አይደለም፤ በየቀኑ የሚታደስ ምስክርነት ነው። ምስክሮቹም ሁለት ናቸው፤ አንዱ የባለሙያ ዕውቀት፣ ሌላው የራስ እውነተኛነት። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ይህም ለጉልበት ብቻ የሚሠራ አይደለም። ዘመድ ላለመጠየቅ፣ ቁርኣን ላለመቅራት፣ የተጣላነውን ላለመታረቅ በአንድ ወቅት እውነተኛ ምክንያት ነበረን። ያ ምክንያት ዛሬም አለ ወይስ እኛ ብቻ ነን የቀረነው? አላህ በምንችለው የምንበረታ፣ በማንችለው ደግሞ እዝነቱን በምስጋና የምንቀበል ያድርገን። ወላሁ አዕለም።