ስለ ቀዝቃዛው ውሃ እንጠየቃለን

ምስጋና ምድርን ዘርግቶ ተራሮችን ላጸናባት አላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይውረድ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ለሱብሒ ሰላት ዉዱእ ላደርግ ቧንቧ ስከፍት ውሃው ጣቶቼን አደነዘዛቸው። አጠገቤ ይታጠቡ የነበሩ አንድ አዛውንት ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ይኸ የጮቄ ብርድ ነው፤ በረደኝ ብለህ ተረከዝህን እንዳትዘል» አሉኝ። ረፋዱ ላይ በረቡዕ ገበያ በኩል አድርጌ ወደ ጮቄ ወጣሁ።

የጮቄ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው የሌሊቱን ውርጭ፣ የቀኑን ፀሐይ ችለው ይኖራሉ። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያም ይሞታል። ይህ ሣርና ቁጥቋጦ ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጮቹ ያሰርጋል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ጀደብ ከዚሁ ተነስተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ተራሮች የምድር ችካሎች መሆናቸው በሱረቱ-ነበእ ተነግሮናል፤ ጮቄ ግን ችካልም ጋንም ነው።

ዛሬ ማረሻ ወደ ላይ ወጥቷል። ጓሳ በነበረበት ቁልቁለት ገብስና ድንች ይዘራል፤ አስታው ለማገዶና ለከሰል ይቆረጣል። ሣር የለቀቀውን አፈር ክረምቱ ጠርጎ ወደ ዓባይ ይወስደዋል።

እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ ሌላ የብርድ ምድር ትዝ አለችኝ፤ አንታርክቲካ። ስፋቷ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል። ከዓለም ጨው አልባ ውሃ 70 ከመቶ ያህሉ በረዶ ሆኖ እዚያ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ በ1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቦባታል። ቋሚ ነዋሪ የላትም፤ የሰው እጅ ግን ደርሶባታል። ከማቀዝቀዣና ከሽቶ መንፊያ በሚወጣ ጋዝ ምክንያት በላይዋ ያለው የኦዞን ሽፋን መሳሳቱ በ1985 ተገለጸ። ዓለም እየሞቀ ሲሄድም በ2002 ላርሰን ቢ የተባለው ሰፊ የበረዶ ንጣፍ በሳምንታት ውስጥ ተሰባበረ።

መንግሥታት ዝም አላሉም። በ1959 አሥራ ሁለት አገሮች አህጉሯ ለሰላማዊ ተግባርና ለምርምር ብቻ እንድትውል ተፈራረሙ። በ1991 ደግሞ ማዕድን ማውጣትን የሚከለክል ስምምነት ታከለበት።

ይህ ለሙስሊም አዲስ ነገር ነውን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከ1,400 ዓመት በፊት መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል። አን-ነቂዕን ለፈረሶች ግጦሽ «ሒማ»፣ ማለትም ጥብቅ ቦታ አድርገዋል። በአገራችንም የመንዝ ሰዎች ጓሳቸውን ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል።

ድንች ይኮተኩቱ የነበሩ አንድ ገበሬ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ሣሩ ውሃ እንደሚይዝ እኛ አጥተነው ነው? መሬቱ ለልጆቹ አልበቃ አለ፤ ወዴት እንሂድ?» መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብዬ ስመለስ ከመንገድ ዳር አንድ ጆንያ ከሰል ገዝቼ ጫንኩ። ከየትኛው ተራራ እንደመጣ አልጠየቅሁም። ገበሬውን ልወቅስ ብዕሬን ባነሳሁ ቁጥር ያ ጆንያ ይታየኛል።

ስለዚህ ወቀሳው ከእኛ ከከተሜዎቹ ይጀምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር እያወቅን ቧንቧ ከፍተን ወሬ እንጨዋወታለን። ከሰሉን የምንገዛውም እኛ ነን። ገበሬውን ሌላ መተዳደሪያ ሳይሰጡ «አትረስ» ማለት ሒማ አይደለም፤ ግፍ ነው። የጁሙዓ ኹጥባችን ስለ ውሃና ስለ አፈር ይናገር። ሰደቃችንም ማረሻውን ከቁልቁለቱ ላወረደ ሰው የበግ ወይም የንብ ቀፎ መግዣ ይሁን።

የዚያች ሱብሒ ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ ጣቶቼ ላይ አለ። በቂያማ ቀን ሰው ከሚጠየቅባቸው ጸጋዎች አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ መሆኑን ተምረናል። አላህ (ሱ.ወ) መልስ ካላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወሰላም።