«ማመን ቀብሮ ነው»፦ ስለ ሃይማኖትና ስለ ምርምር

አበው በተረትና ምሳሌ ካወረሱን ቃሎች መካከል እንደ «ማመን ቀብሮ ነው» ያለ አጭርና ጨካኝ ብዙ አይገኝም። ሰው እስትንፋሱ እስካለች ድረስ ሐሳቡ ይለዋወጣልና፣ ዛሬ ምሥጢር ያካፈሉት ወዳጅ ነገ ከሳሽ፣ ዛሬ ዋስ የሆኑለት ዘመድ ነገ ከሐዲ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ በእርሱ ላይ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው አፈር ከተመለሰበት በኋላ ብቻ ነው ማለት ነው። አበድሮ የተካደ፣ አደራ አስቀምጦ የተበላበት ሰው ይህን ሲናገር ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን ቃሉ የገንዘብንና የወዳጅነትን ወሰን አልፎ ስለ ሃይማኖት ሲነገር፣ ያላየውንና ያልዳሰሰውን የሚያምን ሁሉ አእምሮውን የጣለ ነው የሚል ፍርድ ይወልዳል። ይህን ፍርድ ለመመርመር ደግሞ ከአዲስ አበባዋ ልደታ የተሻለ ስፍራ አላውቅም፤ የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትና የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛሉና።

ከፍርድ ቤቱ እንጀምር። በልደታ ችሎት ፊት የቆመ ምስክር፣ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደ ተደነገገው፣ ቃሉን ከመስጠቱ አስቀድሞ እውነትን ለመናገር ይምላል ወይም ያረጋግጣል። መሐላው ግን ከጥያቄ አያድነውም፤ ያቀረበው ወገን ዋናውን ጥያቄ ከጠየቀው በኋላ ተቃራኒው ወገን በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትነዋል፣ ከዚያም ድጋሚ ጥያቄ ይከተላል። ዳኛው መሐላ አለ ብሎ ጥያቄውን አይተውም፣ ጥያቄ አለ ብሎም መሐላውን አይንቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዝዛል፤ ሕጉ ማመንን ከቀብር በፊት አስቀድሞታል።

ምርምር የሌለበት እምነት ምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚወድ ሰው የጥንቱን ሌባ ሻይ ያስታውስ። አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ እንዲደነዝዝ ከተደረገ በኋላ በገመድ ተይዞ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ይያዛል። ብላቴናውን በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈትን፣ የንጹሑን ሰው አቤቱታ የሚሰማ አልነበረም። እንዲህ ባለው እምነት ፊት ተረታችን እውነተኛ ነው፣ ጨካኝነቱም ምሕረት ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱስ ምርምርን ትሸሻለችን? የእመቤታችን ልደት በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ሲከበር፣ ፋሲካ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚመላለስ፣ ዕለቱን የሚያስታውቀው ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን ቀመር ነው። በእርሱም መጥቅዕና አበቅቴ የተባሉት ቁጥሮች ተደምረው 30 ይሆናሉ፣ ንዑስ ቀመሩ በ19 ዓመት፣ ዐቢይ ቀመሩ በ532 ዓመት ይመለሳል፤ በሂሳቡ የተሳሳተ ሊቅ «እኔ እንዲህ አምናለሁ» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም፣ ቁጥሩ ይረታዋልና። በጉባኤ ቤትም የትርጓሜ መምህር ለአንድ ንባብ አንድ ፍቺ ሰጥቶ አፉን አይዘጋም፤ «አንድም» እያለ ልዩ ልዩውን ሐተታ ጎን ለጎን ያቆመዋል፣ ደቀ መዝሙሩም እያመዛዘነ ይማራል። ከሁሉ ይልቅ፣ የመምህሩን ትንሣኤ ሰምቶ ቁስሉን ካልዳሰስሁ አላምንም ያለው ቶማስ ከሐዋርያት ማኅበር አልተባረረም፤ መምህሩ ጎኑን አሳየው፣ ቤተ ክርስቲያንም ያንን ዕለት ዳግም ትንሣኤ ብላ ታከብረዋለች። የመምህራቸው መቀበር ለሐዋርያት ተስፋ መቁረጥን እንጂ እምነትን አልሰጣቸውምና፣ ተረቱ በዚህ ስፍራ ይወድቃል።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን በሕሙማን ላይ የደረሰው ነው። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላ፣ እንጦጦ ወጥተው ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒቱን መተው የእምነት ምልክት የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ የሚከለክለው ሳይቋረጥ ሲወሰድ ብቻ ስለሆነ፣ ሲተዉት ደዌው ይበረታል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ምእመናንም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናገሩ። ይህም አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ ያስተምራል። በሌላው ወገን ደግሞ በሆስፒታሉ ደጅ የቆመ በሽተኛ የመድኃኒቱን ቅመም ራሱ ሳይመረምር በሐኪሙ ታምኖ ይውጣል። ማመንን እስከ ቀብር ያዘገየ ሕመምተኛ ቢኖር፣ የሚቀበረው ራሱ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ሃይማኖት ስለሚታይና ስለሚቆጠር ነገር፣ ስለ ደምና ስለ ደዌ፣ ስለ ሌባና ስለ ንጹሕ ሲናገር ማስረጃን ሊቀበል ይገባዋል፣ ካልተቀበለም ሰውን ይጎዳል። ስለ ፈጣሪና ስለ ሕይወት ፍጻሜ ሲናገር ግን ምርምር ከደረሰበት አልፎ ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ ከአእምሮ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ከአእምሮ ጋር የተጣላ አይደለም። ከቀብር በኋላ የሚገኘው እርግጠኝነት ያለፈውን ማወቅ ነው እንጂ ማመን አይባልም፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ አደራ የለምና።

ስለዚህ እናንተ ወላጆችና መምህራን፣ ልጅ ስለ እግዚአብሔር ሲጠይቃችሁ «ዝም በል፣ ኃጢአት ነው» አትበሉት፤ የምታውቁትን መልሱለት፣ ከእናንተ በላይ የሆነውንም አብራችሁት መርምሩ። እናንተም በትምህርት የገፋችሁ ወጣቶች፣ የሚሰግደውን ሰው ሁሉ ማሰብ ያቃተው አድርጋችሁ አትቁጠሩት።