ከላይ የሚፈስ ውሃና ከታች የሚጣል መረብ

ሰው በገዛ እጁ ያልሠራውን፣ በዓይኑም ያላየውን ጉዳት እንዲያቃና ይገደዳልን? ይህን ጥያቄ ሊቃውንት በብዙ መልክ ሲመረምሩት ኖረዋል፤ እኔ ግን ከዓሣ አጥማጅ መረብ ልጀምር እወዳለሁ። ደብረ ታቦር ደጋ ነውና በከተማችን መረብ የሚጥል ሰው አይታይም። ቢሆንም ነገሩ ከእኛ የራቀ አለመሆኑን ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በጣና ሐይቅ ላይ መግባቱ በይፋ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ግን በዚያው አቈጣጠር ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ታውቋል። ቅጠሉ ለምለም፣ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ለተመልካች ደስታ፣ ለሚያድርበት ውሃ ግን መከራ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቈያል። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ዳርቻ በታንኳና በጀልባ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ ቀረሶና አምባዛ ለመያዝ ማታ የጣሉትን መረብ ጧት ሲስቡ በዓሣ ፈንታ በአረም ከብዶ ያገኙታል። ሥሩ እንደ ፀጉር የተበተነ ስለ ሆነ በመረቡ ዓይን ይጠላለፋል፤ ነፋስ የገፋው እንደ ሆነም መረቡን ይዞት ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ችግር የጣና ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች፣ መርከቦች ለሚዛን በሆዳቸው በሚይዙት ውሃ ተጭኖ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ የአገሩ ሰዎች የውሃ ቁንጫ የሚሉት ደቂቅ ፍጥረት አለ። ረጅም ጅራቱ በመንጠቆ ክር ላይ እየተጠላለፈ እንደ እርጥብ ጥጥ ይከማቻል፤ ከጀልባው ኋላ ክር እየጎተተ የሚያጠምድ ሰው ክሩ በዘንጉ ቀለበት አላልፍ ይለዋል። አጥማጆቹ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው ወፈር ያለ ክር መያዝና በጣት እየጠረጉ መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው ወደ ሌላ ሐይቅ ከመሄድ በፊት ጀልባንና ክርን አጥቦ ማድረቅ ነው። ሁለቱም ጽዳት ናቸው፤ በኅሊና ሲመዘኑ ግን ይለያያሉ። ፊተኛውን ሰው የሚሠራው ለራሱ ሲል ነው፤ ኋለኛውን የሚሠራው ስሙን ለማያውቀው ለሌላ አጥማጅ ነው።

ይህንኑ በጣና ብንመለከተው፣ መረቡን እዚያው ውሃ ውስጥ አራግፎ የሚሄድ ሰው ራሱን ገላገለ እንጂ ሐይቁን አልገላገለም። የእምቦጭ ቁራጭ እንደ ገና ስለሚያቈጠቍጥ ዛሬ የተራገፈው ነገ በጎረቤቱ መረብ ላይ ይገኛል። አረሙን አውጥቶ ከውሃ አርቆ የሚያደርቅ ግን በጊዜውና በጉልበቱ የጎረቤቱን እንጀራ ይጠብቃል። ከድኻ አጥማጅ ይህን መጠየቅ ከባድ ነው፤ ከእርሱ ብቻ መጠየቅ ደግሞ ግፍ ነው።

ግፍ የሚሆንበትም ምክንያት ይህ ነው። አረም ያለ ምግብ አይበዛም። እምቦጭን የሚያሰባው ከየማሳው ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከየከተማውም የሚፈሰው እድፍ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የደጋውን ቍልቍለት አጥበው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በነሐሴ፣ ቡሄ በሚከበርበት ሰሞን፣ ወንዞቹን ያየ ሰው የሚወርደው ውሃ ብቻ አለመሆኑን ከመልኩ ያውቃል። በዚያው በክረምት ወራት ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹ እንቍላላቸውን ለመጣል በእነዚሁ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንግዲህ ዓሣው ወደ ደጋው ይመጣል፣ አፈሩ ወደ ዓሣው ይሄዳል፤ ሰዎቹ ግን አይተዋወቁም።

በተረት፣ ጅብ ከላይ ሆኖ እየጠጣ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ቢላት፣ «ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። ውሃ ሽቅብ አይፈስምና። ሐይቁ ሲታመም ከላይ ተቀምጦ «የሐይቁ ሰዎች ምን ይሠራሉ?» የሚል ሰው ከጅቡ ክርክር የራቀ አይደለም።

የደጋው ገበሬ ግን እንዲህ ብሎ ይመልስ ይሆናል፦ «የማርሰው ልጆቼን ለማብላት ነው፤ እምቦጭን አላመጣሁም፣ አልዘራሁም፤ የእኔ አንድ ማሳ ቢከተር ሐይቁ ይድናልን?» ይህ መልስ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ጥፋትና ዕዳ አንድ አይደሉም። ጥፋተኛ የሚባለው ዐውቆ የበደለ ነው፤ ባለዕዳ የሚሆነው ግን ጉዳቱን ዐውቆ ማቃናት የሚችል ሁሉ ነው። የባልንጀራው በሬ ገደል አፋፍ ላይ ሲግጥ ያየ ሰው፣ በሬውን ወደዚያ አልነዳውም፤ መመለስ እየቻለ ዝም ብሎ ቢያልፍ ግን ንጹሕ ነህ የሚለው የለም። አፈሩ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚያፋፋ ባልታወቀበት ዘመን ዝምታ አያስወቅስም ነበር፤ ዛሬ ግን ታውቋል።

አንድ ማሳ ሐይቅን አያድንም መባሉ እውነት ነው፤ ሐይቁን የጎዳውም አንድ ማሳ አልነበረም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። የሐይቁ ዳር ሰዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲጎትቱ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2013 ዓ.ም. በጥቅምትም ብዙ ሕዝብ የተጠራበት ዘመቻ ተደርጓል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ከላይ ምግቡ ካልተቋረጠ፣ ከታች መንቀል በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

በማሳ ላይ እርከን መሥራት፣ ማዳበሪያንም በልክ መጨመር ለባለማሳው ራሱ ይጠቅማልና ብዙ ምክር አያሻውም። የወንዙን ዳር ግን ሳያርሱ ለሣርና ለዛፍ መተው እህል ያሳጣል። ምግባር የሚፈተነው በዚያች ቁራሽ መሬት ነው። ያችንም የድኻው ገበሬ ኪሳራ ብቻ ማድረግ አይገባም። በጾም ወራት የጣናን ዓሣ ገዝተን የምንበላ፣ የቤታችንም እድፍ ወደ ወንዝ የሚወርድ የከተማ ሰዎች፣ የድርሻችንን በገንዘብም በጉልበትም ማዋጣት አለብን። ከፎገራ ማዶ መረቡን የሚስበው አጥማጅ ማን እንደ ተወለት፣ ማንም እንዳዋጣለት አያውቅም፤ አያመሰግንምም። ይሁን እንጂ መረቡ ከአረም ይልቅ ዓሣ ይዞ እንዲወጣለት ማድረግ፣ ከእርሱ በላይ ለምንኖረው ሁሉ ዕዳችን ነው።